ለአጭር ኮንትራት ሊሚትድ ካምፓኒ ወይስ አምብሬላ? በእንግሊዝ አገር በኮንትራት ለሚሠሩ ወገኖች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በለንደን፣ በበርሚንግሃም ወይም በማንችስተር የሦስት ወይም የስድስት ወር ሥራ ያገኘ ሰው የሥራውን ዝርዝር ገና በቅጡ ሳይሰማ ከደንበኛው ጋር ካገናኘው የሥራ ኤጀንሲ በኩል አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ክፍያው በሊሚትድ ይሁን ወይስ በአምብሬላ? መልሱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለጋል። ነገር ግን በዚያ አንድ ቀን የሚሰጠው መልስ በእጅ የሚገባውን ገንዘብ፣ የግብር ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ለወራት የሚቀረውን የወረቀት ጣጣ ይወስናል። እኔ በሁለቱም መንገድ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ኮንትራቴ ላይ ለአራት ወር ሥራ ኩባንያ አቋቁሜ፣ ሥራው በሕጉ ፊት እንደ ቅጥር የሚቆጠር ስለ ነበር ከኩባንያው አንዳች ጥቅም ሳላገኝ የሒሳብ ባለሙያ ክፍያና የመዝጊያ ውጣ ውረድ ተርፎኛል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላው ሰው ያንን እንዳይደግመው ከልብ ስለምፈልግ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለቱን ስሞች እናብራራ። ሊሚትድ ካምፓኒ በአገራችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከምንለው ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ድርጅት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር እንደ ፈቀደ ሁሉ፣ በእንግሊዝም አንድ ሰው ብቻውን ባለ አክሲዮንም ዳይሬክተርም ሆኖ ኩባንያ ማቋቋም ይችላል። ኩባንያው ለኤጀንሲው ወይም ለደንበኛው፣ ማለትም ሥራውን ለሚያሠራው ድርጅት፣ የክፍያ መጠየቂያ ደረሰኝ ይልካል፣ ገንዘቡም በኩባንያው ሒሳብ ይገባል። አምብሬላ ደግሞ እርስዎን በቅጥር ውል የሚይዝ ሌላ ድርጅት ነው፤ ከኤጀንሲው ገንዘቡን ተቀብሎ ግብሩንና ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ቀንሶ የቀረውን በደመወዝ መልክ ይከፍልዎታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የግብር ዓመቱም ከኤፕሪል 6 ጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 5 ያበቃል።

መነሻ፦ የመኖሪያ ፈቃድዎ ምን ይፈቅዳል?

ይህ ነጥብ አጭር ነው፤ ግን ከሁሉ ይቀድማል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በግሉ መነገድም ሆነ የንግድ ሥራ ማካሄድ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሊሚትድ የሚባለው ምርጫ ለእርሱ የለም። በስፖንሰር የመጣ ሠራተኛ ፈቃዱ ከስፖንሰሩና ከተፈቀደለት የሥራ ዓይነት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር በሁለቱም በኩል ፊርማ ማኖር የለበትም። ዜግነት፣ ቋሚ መኖሪያ ወይም የስደተኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ግን ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ሥራው «ኢንሳይድ» ነው ወይስ «አውትሳይድ»?

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው «በየትኛው ብዙ ይቀርልኛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሥራው አቋም፣ ማለትም በሕግ ፊት እንደ ቅጥር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አቋሙ ከታወቀ ምርጫው በግማሽ ተጠናቋል። አይአር35 የሚባለው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 2000 ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፤ በመካከል ያለው ኩባንያ ባይኖር ኖሮ ሠራተኛው የደንበኛው ተቀጣሪ ይባል ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ክፍያው እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል፤ ይህ ኢንሳይድ ይባላል። መልሱ አይደለም ከሆነ አውትሳይድ ነው፣ ኩባንያውም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይስተናገዳል።

ይህን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ፣ በግሉ ዘርፍ ባሉ መካከለኛና ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ውሳኔው የደንበኛው ነው። ደንበኛው ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ኤስዲኤስ ይባላል፤ ሳይጠይቁትና ሳያነቡት ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ። በውሳኔው ካልተስማሙ ተቃውሞዎን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ፤ ደንበኛውም በ45 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል። እርግጥ ነው፣ በሦስት ወር ኮንትራት 45 ቀን ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ከፊርማ በፊት ቢደረግ ይሻላል።

ደንበኛው ትንሽ የግል ድርጅት ከሆነ ግን ውሳኔውም ኃላፊነቱም በእርስዎ ኩባንያ ላይ ይወድቃል። ትንሽ የሚባለው ከሦስት መለኪያዎች ሁለቱን የሚያሟላ ነው፤ የዓመት ሽያጩ ከ10.2 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ጠቅላላ ሀብቱ ከ5.1 ሚሊዮን፣ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ50 የማይበልጥ። ከኤፕሪል 6፣ 2025 ወዲህ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት የገንዘቡ ጣሪያ ወደ 15 ሚሊዮንና ወደ 7.5 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ደንበኛው የትኛው ወገን እንደ ሆነ በጽሑፍ ከጠየቁት የመመለስ ግዴታ አለበት።

አቋሙን ራስዎ መገመት ቢፈልጉ፣ ፍርድ ቤቶች ከ1968 ጀምሮ የሚጠቀሙባቸው ሦስት መመዘኛዎች አሉ። መነሻቸው የራሱን ካሚዮን እየነዳ ለአንድ ድርጅት የተቦካ ኮንክሪት ያመላልስ ስለ ነበረ ሰው የተሰጠ ፍርድ ነው። የመጀመሪያው በእርስዎ ቦታ ሌላ ብቁ ሰው የመላክ እውነተኛ መብት አለዎት ወይ የሚለው ነው። በውሉ ላይ «ተተኪ መላክ ይቻላል» ተብሎ ቢጻፍም፣ ደንበኛው በተግባር ሌላ ሰው በር ላይ ቢቆም አላስገባም የሚል ከሆነ ጽሑፉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ቁጥጥር ነው፤ ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት፣ መቼና የት እንደሚሠሩ የሚወስነው ማን ነው? ሦስተኛው የጋራ ግዴታ ነው፤ ደንበኛው ሥራ የማቅረብ፣ እርስዎም የቀረበውን የመቀበል ግዴታ ካለባችሁ ግንኙነቱ ወደ ቅጥር ያዘነብላል። የደንበኛውን ላፕቶፕ ይዘው፣ በደንበኛው የሥራ ሰዓት፣ በደንበኛው ሥራ አስኪያጅ ሥር፣ የዕረፍት ቀንዎን እያስፈቀዱ የሚሠሩ ከሆነ፣ በሐቀኝነት ስናየው ሥራው ኢንሳይድ ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ፣ ኤችኤምአርሲ፣ ሴስት የሚባል የመጠይቅ መሣሪያ በነፃ አቅርቧል። እውነተኛውን የሥራ ሁኔታ መልሰው የተገኘውን ውጤት ያስቀምጡት፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ «መወሰን አልተቻለም» እንደሚል ይወቁ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ መልስ ይህ ነው። ሥራው ኢንሳይድ ከሆነና ኮንትራቱ አጭር ከሆነ፣ ለእርሱ ብሎ አዲስ ኩባንያ ማቋቋምን አልመክርም። ኤጀንሲው ወደ ኩባንያዎ ከመላኩ በፊት ግብሩን እንደ ደመወዝ ይቀንሳል፤ እርስዎ ግን የኩባንያውን ወጪ ሁሉ ይሸከማሉ፣ የዕረፍት ክፍያም ሆነ የሕመም ክፍያ አያገኙም። ወደ አምብሬላው ወይም ቀጥሎ ወደምጠቅሰው ሦስተኛ መንገድ ይሂዱ። ሥራው አውትሳይድ ከሆነ ግን ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ይሆናል፤ ስሌትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ተመኖቹን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤጀንሲው «በቀን 350 ፓውንድ» ሲል ገንዘቡ ለማን የሚከፈል እንደ ሆነ ማወቅ አለብዎት። የአምብሬላ ሬት (ተመን) የሚባለው ገንዘብ ደመወዝ አይደለም። ለአምብሬላው ድርጅት የሚከፈል ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ የእርስዎ ደመወዝ የሚወጣው አሠሪው ራሱ ሊከፍላቸው የሚገቡ ወጪዎች ከዚያው ላይ ከተቀነሱ በኋላ ነው።

በ2025–26 የግብር ዓመት ሕግ በእንግሊዝ የሚኖር ሰው ስሌት እናድርግ፤ በስኮትላንድ የገቢ ግብሩ ተመን የተለየ ነው። በቀን 350 ፓውንድ በአምስት ቀን 1,750 ፓውንድ በሳምንት ይሆናል። አምብሬላው ለራሱ 20 ፓውንድ ይወስዳል እንበል። በሳምንት ከ96 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ አለ፤ ወደ 212 ፓውንድ ይደርሳል። የሥልጠና መዋጮ የሚባለው 0.5 በመቶ ደግሞ ወደ 8 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ጡረታን ሳንቆጥር ጠቅላላ ደመወዝዎ 1,510 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ከዚህም ውስጥ ወደ 163 የሚጠጋው የዕረፍት ክፍያ ነው፤ መሠረታዊ ደመወዙ 1,348 አካባቢ ነው ማለት ነው። በቀን ሲታሰብ 350 የተባለው ወደ 270 ወርዷል፤ ገና የእርስዎ የገቢ ግብር ሳይነካ።

ሦስተኛው መንገድ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን በራሳቸው የደመወዝ መዝገብ ላይ ማስገባት ይችላሉ፤ ይህ በተለምዶ ኤጀንሲ ፔይ ይባላል። በዚያ መንገድ የሚነገርዎት ተመን የአሠሪው ወጪ አስቀድሞ የተነሳለት ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ መስሎ ይታያል። በቀን 350 በአምብሬላና በቀን 280 በኤጀንሲ ፔይ፣ የዕረፍት ክፍያው ለብቻው የሚታከል ከሆነ፣ ሁለተኛው ይበልጣል። ይህን አማራጭ ኤጀንሲው ራሱ ላያነሳው ስለሚችል እርስዎ ይጠይቁ።

ኤጀንሲው ውል ከመስማማትዎ በፊት ቁልፍ መረጃ የያዘ ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግዴታው ከኤፕሪል 6፣ 2020 ጀምሮ የጸና ነው። በሰነዱ ላይ ማን እንደሚቀጥርዎት፣ ማን እንደሚከፍልዎት፣ ምን ምን እንደሚቀነስና በምሳሌ የተሠራ የተጣራ ክፍያ ይሰፍራል። ከላይ ያደረግነውን ስሌት በዚህ ሰነድ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ለስድስት ወር፣ ማለትም ለ26 ሳምንት ሥራ እናወዳድር። ጠቅላላ ገንዘቡ 45,500 ፓውንድ ነው፤ በዚያ የግብር ዓመት ሌላ ገቢ የለዎትም ብለን እንነሣ። በአምብሬላ ጠቅላላ ደመወዝዎ 39,268 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ከ12,570 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ የገቢ ግብር ወደ 5,340፣ የሠራተኛው ናሽናል ኢንሹራንስ ወደ 1,790 ሲቀነስ፣ የዕረፍት ክፍያውን ጨምሮ 32,137 ፓውንድ ያህል በእጅዎ ይገባል።

በሊሚትድ፣ ሥራው አውትሳይድ ከሆነና ኩባንያው በግብር ዓመቱ መጀመሪያ የተቋቋመ ከሆነ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ መድንና መሰል ወጪዎች 1,800 ፓውንድ ይሁኑ እንበል። ለራስዎ 12,570 ደመወዝ ቢከፍሉ ከ5,000 በላይ ባለው ላይ 1,136 ፓውንድ የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስ ይመጣል፤ ለትንንሽ አሠሪዎች የተሰጠው ቅናሽ ብቸኛው ተከፋይ ዳይሬክተሩ ለሆነ ኩባንያ አይሠራም። 29,994 ፓውንድ ትርፍ ይቀራል፤ 19 በመቶ የትርፍ ግብር 5,699 ነው። የቀረውን 24,295 በዲቪደንድ፣ ማለትም ለባለ አክሲዮን በሚከፈል የትርፍ ድርሻ መልክ ሲያወጡት፣ የመጀመሪያው 500 ነፃ ሆኖ በሌላው ላይ 8.75 በመቶ ማለትም 2,082 ይከፍላሉ። በጠቅላላ 34,783 ፓውንድ ያህል በእጅ ይቀራል።

ልዩነቱ ወደ 2,650 ፓውንድ ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ የዲቪደንዱ ግብር ለመሠረታዊው እርከን ወደ 10.75 በመቶ ስለሚያድግ ልዩነቱ ወደ 2,170 ዝቅ ይላል። ይህን ቁጥር በተረጋጋ ልብ ይመልከቱት። አንድ ሳምንት ከታመሙና ሥራ ካመለጠዎት ልዩነቱ ይቀንሳል፤ አንድ የሒሳብ መግለጫ ዘግይቶ ቅጣት ቢመጣም እንዲሁ። ተመኑ ከፍ ሲልና ሥራው ዓመቱን ሙሉ ሲቀጥል፣ በተለይም ገንዘቡን ሁሉ ባያወጡትና በኩባንያው ውስጥ ቢተዉት፣ ሊሚትዱ እየተሻለ ይሄዳል። ለአንድ አጭር ኮንትራት ግን ሰዎች በአፍ እንደሚያወሩት ያህል አይደለም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አምብሬላን ከመረጡ፣ የትኛውን?

ስለ ግብር ሕጉ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ ከወገኖቻችን መካከል ከባድ ጉዳት ያደረሰው ግን የአምብሬላው ምርጫ ነው። ሁሉም አምብሬላዎች አንድ ዓይነት ግብር የመቀነስ ግዴታ ስላለባቸው፣ በትክክለኛ አምብሬላዎች መካከል ያለው ልዩነት በሳምንት የሚወስዱት የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ፓውንድ አይዘልም። ስለዚህ አንዱ «ከተመንዎ 80 ወይም 85 በመቶ በእጅዎ ይገባል» ብሎ ቃል ከገባ፣ ከላይ ያየነው ስሌት እንደማይፈቅደው አሁን ያውቃሉ።

እንዲህ ያሉት ዕቅዶች የሚሠሩበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ከክፍያው ትንሹ ክፍል በዝቅተኛ ደመወዝ መልክ ግብር ተቀንሶበት ይመጣል፤ ትልቁ ክፍል ደግሞ ብድር፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ስጦታ ወይም ሌላ ስም ተሰጥቶት፣ አንዳንዴም ከሌላ ድርጅት ሒሳብ ይገባል። ኤችኤምአርሲ ይህን እንደ ደመወዝ ይቆጥረዋል፤ ግብሩንም የሚጠይቀው ገንዘቡን ከተቀበለው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ብድር ተከፍለው እስከ ኤፕሪል 5፣ 2019 ድረስ ያልተመለሰ ዕዳ የነበረባቸው ሰዎች ላይ የተጣለው ልዩ ግብር ብዙ ቤተሰብ አስጨንቋል። አንድ የማውቀው ሰው ለአንድ ዓመት በተቀበለው ገንዘብ ምክንያት ሥራውን ከተወ ከዓመታት በኋላ የግብር ደብዳቤ ደርሶታል። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ፈርሶ ነበርና የሚጠይቀው አልነበረም። ወደዚያ ድርጅት የመራውም አብሮት የሚሠራ፣ ክፋት የሌለው ጓደኛው ነበር።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ፦
• ኤችኤምአርሲ በስም ያወጣቸውን የግብር ማምለጫ ዕቅዶች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ስሙ አለመኖሩ ግን ንጽሕናውን አያረጋግጥም።
• የድርጅቱን ስም ካምፓኒስ ሃውስ በሚባለው የኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ በነፃ ይፈልጉ፤ ከጥቂት ወራት በፊት የተቋቋመ፣ ዳይሬክተሩ በውጭ አገር የሚኖር፣ ስሙም ከሚያነጋግርዎት ድርጅት የተለየ ከሆነ ይጠንቀቁ።
• የአሠሪዎ ስም በየጥቂት ወሩ የሚቀያየር ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ።
• ሰው ካመጡ ስጦታ እንደሚሰጥ ብቻ አጥብቆ የሚነግርዎትን ድርጅት ስለ ደመወዝ ስሌቱ በጽሑፍ ይጠይቁት።

የደመወዝ ወረቀቱ፣ ፔይስሊፑ፣ ሁለት ክፍል አለው። በላይኛው ክፍል ከኤጀንሲው የመጣው ገንዘብ፣ የአምብሬላው ድርሻና የአሠሪው ወጪዎች ይዘረዘራሉ፤ በታችኛው ክፍል ጠቅላላ ደመወዝዎ፣ የእርስዎ ግብርና የተጣራው ክፍያ ይገኛል። የተጣራው ቁጥር በባንክ ከገባው ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት። ቀጥሎም በኤችኤምአርሲ የስልክ መተግበሪያ ወይም የግል የግብር ሒሳብ ገብተው አምብሬላው ያሳወቀው ደመወዝ ከፔይስሊፑ ጋር አንድ መሆኑን በየወሩ ያረጋግጡ። ይህ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ልማድ ሲሆን፣ አብዛኛውን ማጭበርበር በመጀመሪያው ወር ያጋልጣል።

የዕረፍት ክፍያውን ጉዳይ ለይተው ይጠይቁ። ክፍያው ከተለመደው ደመወዝ ላይ በ12.07 በመቶ ይሰላል። አምብሬላው በየሳምንቱ ከደመወዙ ጋር ሊከፍልዎት ወይም አጠራቅሞ ዕረፍት ሲወጡ ሊሰጥዎት ይችላል። በምሳሌያችን ላይ ለስድስት ወር የሚጠራቀመው ከ4,200 ፓውንድ ይበልጣል። ከተጠራቀመ በኋላ ሳይጠይቁት ዓመቱ ቢያልፍ እንደሚጠፋ የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ለአጭር ኮንትራት በየሳምንቱ እንዲከፈል መምረጥ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አምብሬላ ተቀጣሪ ስለሚያደርግዎት በሕግ የተደነገገውን የሕመም ክፍያና የጡረታ መዋጮ ያስገኛል። ዕድሜዎ ከ22 ዓመት ጀምሮ እስከ ጡረታ ዕድሜ ከሆነና በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኙ ከሆነ በራሱ በጡረታ ዕቅድ ውስጥ ያስገባዎታል፤ ነገር ግን ይህን እስከ ሦስት ወር ማዘግየት ስለሚፈቀድለት በሦስት ወር ኮንትራት ላይ ላይደርስዎት ይችላል። በተጨማሪ በኤጀንሲ በኩል በአንድ ቦታ 12 ሳምንት የሠራ ሰው፣ ደንበኛው በቀጥታ ከቀጠራቸው ተመሳሳይ ሠራተኞች ጋር እኩል መሠረታዊ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ከኤፕሪል 6፣ 2026 ጀምሮ ደግሞ አምብሬላው የቀነሰውን ግብር ለመንግሥት ባያስገባ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲ ከሌለም ደንበኛው፣ በዕዳው አብሮ ይጠየቃል። ይህ ሕግ ኤጀንሲዎች አምብሬላ ሲመርጡ እንዲጠነቀቁ ያደርጋል፤ የእርስዎን ጥንቃቄ ግን አይተካም።

አራተኛ ደረጃ፦ ሊሚትድን ከመረጡ፣ በቅደም ተከተል

ሥራው አውትሳይድ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጡና ከዚህ ኮንትራት በኋላም በዚሁ መንገድ ለመቀጠል ካሰቡ፣ ኩባንያውን በካምፓኒስ ሃውስ በኢንተርኔት ያስመዝግቡ፤ ምዝገባው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ከኖቬምበር 18፣ 2025 ጀምሮ ዳይሬክተር የሚሆን ሰው ማንነቱን ማረጋገጥ ግዴታው ስለሆነ ፓስፖርትዎን ወይም የመኖሪያ ፈቃድዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። የቤት አድራሻዎን የኩባንያው አድራሻ ካደረጉት ለሕዝብ ክፍት በሆነው መዝገብ ላይ ይታያል፤ የሒሳብ ባለሙያዎ የራሱን አድራሻ በትንሽ ክፍያ ሊያውስዎት ይችላል።

ከዚያ የኩባንያውን የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ባንኮች ለአዲስ ኩባንያ ጊዜ ሊወስዱ ስለሚችሉ የመጀመሪያው ደረሰኝ ከመላኩ በፊት መጀመር አለበት። ሥራ በጀመሩ በሦስት ወር ውስጥ ለትርፍ ግብር ይመዝገቡ፤ ለራስዎ ደመወዝ የሚከፍሉ ከሆነም በአሠሪነት ይመዝገቡ። ደንበኛው የሚጠይቀውን የሙያ ኃላፊነት መድን ይግዙ። የአሥራ ሁለት ወር ሽያጭ ከ90,000 ፓውንድ ካለፈ በቫት መመዝገብ ግዴታ ይሆናል፤ በቀን 350 ፓውንድ በሳምንት አምስት ቀን፣ ዕረፍት ሳይወጣ ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው 91,000 ስለሚደርስ፣ ተመኑ ከዚህ ከበለጠ ጉዳዩን በቅርብ ይከታተሉ።

በውሉ ላይ አንድ ነጥብ ልጨምር። ኤጀንሲው በኩባንያ የሚሠራን ሰው፣ የኤጀንሲዎችን ምግባር ከሚገዛው የ2003 ደንብ ጥበቃ ራሱን እንዲያወጣ የሚጠይቅ ወረቀት ሊያስፈርም ይችላል። ደንቡ ኤጀንሲው «ደንበኛው አልከፈለኝም» በሚል ምክንያት ክፍያዎን እንዳይዝ ይከለክለዋል፤ ከፈረሙ ይህን መብት ያጣሉ። መፈረም ግዴታ አይደለም።

ሊሚትድ ያላቸው ወገኖቼን በተደጋጋሚ ሲያሰናክል ያየሁት ነገር ግን ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ በኩባንያው ሒሳብ ያለውን ገንዘብ የራስ ገንዘብ አድርጎ ማየት። ኩባንያው በሕግ ሌላ ሰው ነው። ደመወዝ፣ ዲቪደንድ ወይም በደረሰኝ የተደገፈ ወጪ ካልሆነ በቀር ከዚያ ሒሳብ የወሰዱት ሁሉ ከኩባንያው የተበደሩት ነው፤ ካልመለሱትም የራሱ ግብር አለው። አዲስ አበባ ላለ ቤት ግንባታ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ከኩባንያው ሒሳብ በቀጥታ መላክ የለበትም። መጀመሪያ በአግባቡ ወደ ግል ሒሳብዎ ይውጣ፣ ከዚያ ይላኩት። ከእያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ አራተኛውን ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ያዛውሩና ግብሩ እስኪከፈል አይንኩት።

የሚከተሉትን ቀኖች በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ። የትርፍ ግብር የሚከፈለው የሒሳብ ዘመኑ ካለቀ ከ9 ወር ከአንድ ቀን በኋላ ነው። የሒሳብ መግለጫው ለካምፓኒስ ሃውስ በ9 ወር ውስጥ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ በ21 ወር ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ቢዘገይ 150 ፓውንድ፣ ከስድስት ወር በላይ ቢዘገይ 1,500 ፓውንድ ያስቀጣል። በመዝገቡ ላይ ያለው የኩባንያው ዝርዝር ትክክል መሆኑን የሚገልጽ የማረጋገጫ መግለጫም በየዓመቱ አለ። የራስዎ የግል የግብር ማስታወቂያ በጃንዋሪ 31 ይጠናቀቃል። የሒሳብ ባለሙያ ቢቀጥሩም በሕግ ተጠያቂው ዳይሬክተሩ፣ ማለትም እርስዎ ነዎት።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከኮንትራቱ ውጭ ያለውን ኑሮ መመዘን

በቅርቡ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው አበዳሪዎች ከኩባንያ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት የሒሳብ መግለጫ እንደሚጠይቁ ይወቅ፤ አዲስ ኩባንያ ደግሞ ይህ የለውም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ካለ፣ የራሱን ኩባንያ የሚመራ ሰው በግሉ እንደሚሠራ ሰው ስለሚታይ ገቢው የሚሰላበት መንገድ ይለወጣል፤ ከመወሰንዎ በፊት ነፃ የምክር አገልግሎት ያነጋግሩ። ለጡረታ ብዙ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሁለቱም መንገድ ዕድል አለው፤ ኩባንያው በቀጥታ ሊያዋጣለት ይችላል፣ አምብሬላውም ግብር ከመቀነሱ በፊት ከደመወዙ ላይ ሊያስተላልፍለት ይችላል፤ ይህን የማይፈቅዱ አምብሬላዎች ስላሉ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ኮንትራቱ ሲያበቃ

ከአምብሬላ መውጣት ቀላል ነው። ያልተከፈለ የዕረፍት ክፍያዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ እስከዚያ የተከፈለዎትን ደመወዝና የተቀነሰውን ግብር የሚያሳየውን ፒ45 የሚባል ወረቀት ይቀበሉ፣ ለቀጣዩ አሠሪም ያስረክቡት፤ አለበለዚያ በጊዜያዊ የግብር ኮድ ከሚገባው በላይ ሊቀነስብዎት ይችላል። በግብር ዓመቱ መካከል ሥራ አቁመው ከቆዩ የተትረፈረፈው ግብር እንዲመለስልዎት ያመልክቱ።

ሊሚትድ ግን በራሱ አይዘጋም። ሌላ ኮንትራት ከሌለ ኩባንያው ሥራ ያቆመ መሆኑን ለኤችኤምአርሲ አሳውቀው ለጊዜው ማቆየት ይቻላል፤ ዓመታዊዎቹ መግለጫዎች ግን ይቀጥላሉ። ለመዝጋት ከወሰኑ ኩባንያው ለሦስት ወር ምንም ንግድ ሳያካሂድ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ዕዳውና ግብሩ ሁሉ ተከፍሎ፣ የደመወዝ መዝገቡ ተዘግቶ፣ የቀረው ገንዘብ ወደ እርስዎ ወጥቶ፣ የስረዛ ማመልከቻው ይገባል። በሒሳቡ የቀረ ገንዘብ ኩባንያው ሲሰረዝ ለመንግሥት ስለሚሆን ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። የሚወጣው ገንዘብ ከ25,000 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ እንደ ካፒታል ሊቆጠርና ዝቅ ያለ ግብር ሊከፈልበት ይችላል። የኩባንያውን ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫዎችና ውሎች፣ በተለይም ደንበኛው የሰጠውን የአቋም ውሳኔ፣ የሒሳብ ዓመቱ ካለቀበት ጊዜ ጀምሮ ለስድስት ዓመት በጥንቃቄ ያስቀምጡ።